መርዶ በስልክ

ሰው ዕድሉ ግንባሩ ላይ ተጽፏል ይባላል። የእኔ የተጻፈው እጄ ላይ ሳይሆን አይቀርም፤ ተዋናይ ነኝ ባልሁ ቁጥር የፊልም ሰዎች መወልወያ ያስጨብጡኛል። ትምህርቴን ከጨረስሁ ወዲህ የሆስፒታል ወለል ወልውያለሁ፣ የሆቴል አንሶላ አንጥፌያለሁ፣ የዳኛ ቢሮ ጠርጌያለሁ፤ ሁሉንም በካሜራ ፊት። እናቴ ግን እዚህ እስራኤል፣ የናታንያ ከተማን ሆቴሎች የምር ስታጸዳ ኖራ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። አንድ ቀን በቴሌቪዥን አይታኝ “ማእዘኑን ዘለልሽው” አለችኝ። አትፍረዱብኝ፤ ዳይሬክተሩ “ማእዘኑ አይታይም” ብሎኝ ነው።

ከዚህ ሁሉ ውልወላ በኋላ በዚያው ዳይሬክተር አዲስ ፊልም ዋናዋን ሴት እንድጫወት ተመረጥሁ። ስሜ ከሁሉም በፊት ሊጻፍ ነው። ቀረጻው ደግሞ እዚሁ ናታንያ፣ ከባሕሩ በላይ በገደል አናት በሚያልፈው የእግር መንገድ ላይ ሊሆን ነው። ሴትዮዋ ጎንደር የቀረ ወንድም አላት። አግዳሚ ወንበር ላይ ብቻዋን ተቀምጣ ሳለ ስልኳ ይጠራል፣ ወንድምሽ ሞተ ይሏታል፣ እሷም ባሕሩን እያየች ትጮኻለች። በቃ።

ጽሑፉን ደግሜ አነበብሁት። መርዶ በእኛ በኢትዮጵያውያን ዘንድ እንዲህ አይነገርም። ስልኩ የሚደወለው ልቡ ደንደን ላለ ዘመድ ነው። እሱ አዛውንቶቹን ይሰበስባል፣ ቀን ይቆርጣሉ፣ ከዚያ ጎህ ሲቀድ፣ ባለጉዳይዋ ለሥራ ሳትወጣ፣ በሯን ያንኳኳሉ። ስትወድቅ የሚይዟት ሁለት ሴቶችም አብረው ይመጣሉ። ሞት ለብቻ የሚሸከሙት ነገር ስላልሆነ ነው።

ይህንኑ ለዳይሬክተሩ ነገርሁት። ጨዋ ሰው ነው፤ ፈገግ ብሎ ሰማኝ።

“ሞቴክ፣ ከተመልካቹ ማን ያውቃል?” አለኝ፤ ሞቴክ በዕብራይስጥ የኔ ማር እንደ ማለት ነው።

“እናቴ።”

“እናትሽ አንድ ሰው ናት።”

ነደደኝ። ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም። ብቻዬን ተቀምጬ አልጮኽም አልሁ፤ በማግስቱ ሚናው ለሌላ ሴት ተሰጠ። ደስ እያለኝ ተውሁት ብላችሁ ውሸት ነው፤ ከባሕሩ እስከ እናቴ ቤት በእግሬ እያለቀስሁ ነው የሄድሁት።

ጎበዝ ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ እናቴ ቀና እንኳ ሳትል “እሱ ካላወቀ አንች ጻፊው” አለች።

ጻፍሁት። የቀረጻ ካሜራ ስለሌለኝ ለመድረክ ጻፍሁት። በሰፈራችን ማትናስ፣ ማለት በማኅበረሰብ ማእከሉ አዳራሽ፣ አዛውንቶቹ እንዲመቻቸው ከቀኑ በአሥር ሰዓት ታየ። ዳይሬክተሩንም ጠራሁት፤ ማእዘኑን እንዲያይልኝ። መጋረጃው ሲከፈት ጎህ ነው። ሽማግሌ ሆኖ የሚጫወተው ባልደረባዬ በሩን አንኳኳ፣ መርዶውን ተናገረ፣ እኔም ጮኽሁ። የሚይዙኝ ሁለት ተዋናዮች ከኋላዬ ነበሩ። አልደረሱልኝም።

ከፊት ረድፍ የተቀመጡት እናቶች ቀደሟቸው። መጀመሪያ የተነሣችው የራሴ እናት ናት። ተደጋግፈው የመድረኩን ደረጃ ወጡ፣ ግራና ቀኝ ይዘው አስቀመጡኝ፣ “አይዞሽ ልጀ፣ አለንልሽ” አሉ። ትያትር መሆኑ ጠፍቷቸው አይምሰላችሁ፤ ትኬት ቆርጠው ነው የገቡት። ኋላ ብጠይቃት እናቴ “እናውቃለን። ታዲያ ስትጮኺ ቁጭ ብለን እንይሽ?” አለችኝ። የቀረኝን አንድ ገጽ ሳልናገር መጋረጃው ተዘጋ፤ ጸሐፊዋ እኔው ነኝ፣ ቅር ግን አላለኝም።

ዳይሬክተሩ ዓይኑ ቀልቶ መጣ። ለሚቀጥለው ፊልሙ ጽሑፌን ፈለገ፣ እኔን ፈለገ፣ ከሁሉ በላይ ግን እነዚያን እናቶች ፈለገ።

“የእናትሽን ስልክ ስጪኝ፣ ልደውልላት።”

“በስልክ አይሆንም” አልሁት። ገና ንዴቴ አልበረደም ነበር። “ክብር ያለው ነገር በር ድረስ ተኪዶ፣ በማለዳ፣ ከሰዎች ጋር ነው የሚነገረው።”

የፊልም ሰው እንዲህ ቃል በቃል ይታዘዛል ብዬ መቼ አሰብሁ? በሦስተኛው ቀን ገና ጎህ ሲቀድ፣ ሁለት ረዳቶቹን አስከትሎ የእናቴን በር አንኳኳ። እናቴ ከፈተች። ማለዳውን አየች፣ ሦስቱን ሰዎች አየች፣ “ማን ሞተብኝ?” ብላ ጮኸች።

ዳይሬክተሩ ደውሎልኝ በሩጫ ስደርስ ደረጃውን የሞሉት ሰዎች አላሳልፍ አሉኝ። ጎረቤቱ በሙሉ ነጠላውን እያዘቀዘቀ ወጥቶ፣ እናቴን ይዞ፣ ዳይሬክተሩን በየተራ “ማን ነው? የት ነው?” እያለ ያፋጥጠዋል። ማን ያውቃል ብሎኝ አልነበር? ሕንጻው በሞላ ወጥቶ መለሰለት።