የጋሽ ተካ ሽጉጥ ዝቅ ይመታል

ለሰው ዕቃ ስታቀብሉ በየትኛው እጃችሁ ነው? እስቲ አስቡት። «በቀኝ» ልትሉ ነው። ልክ ናችሁ፤ ግራ እጃችሁስ የት ነው ያለው? እኔ ልንገራችሁ። የቀኙን ክንድ ደገፍ አድርጎ ይዟል። ወገባችሁም ትንሽ ጎንበስ ብሏል። እናንተ አላዘዛችሁትም፤ በልጅነት የገባ ነገር ነው። እኔ ስድስት ዓመቴ ላይ ለአጎቴ ውሃ በአንድ እጄ ብሰጠው፣ እናቴ ብርጭቆውን ከመሃል ቀልባ መልሳ ሰጠችኝና «እንደገና!» አለች። አጎቴ ውሃ ጠምቶት ሦስት ጊዜ ጠበቀ። ምስኪን።

ይህን ያነሳሁት ስለ ሽጉጥ ላወራችሁ ስለሆነ ነው። አትሳቁ፣ ይገናኛል።

ባምቢስ አካባቢ አንድ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ፕሪንተርና ፎቶ ኮፒ እጠግናለሁ። ማሽን ስለምጠግን የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም፤ ይሄ ችግሬ ነው፣ ሚስቴም ነግራኛለች። በሩ ላይ ደግሞ ጥበቃው ጋሽ ተካ አለ። ስልሳን የተጠጋ፣ ቀጭን፣ ኮቱ ሁልጊዜ የተተኮሰ። እንግዳ ሲገባ መታወቂያውን ይቀበላል፣ ሲወጣ ይመልሳል። አመላለሱን ማየት ነበረባችሁ። በሁለት እጁ ይዞ፣ ከወገቡ ዝቅ ብሎ፣ «ይኸውልዎት» ይላል። ባለሥልጣን ይሁን ምሳ አድራሽ፣ ለሁሉም እኩል ነው። ሕንፃው ውስጥ ሊፍቱ ይበላሻል፣ ውሃው ይጠፋል፤ ሰው ግን እየተበሳጨ ወርዶ በር ላይ ሲደርስ ፊቱ ይፈታል።

ድሮ ካዛንቺስ ሳለ፣ ይጠብቀው የነበረው ቤት ሳይፈርስ ማለቴ ነው፣ የሚይዘው ረጅም ጠመንጃ ነበር። የኛ ሕንፃ ባለቤት ግን ረጅም መሣሪያ ደንበኛ ያስደነግጣል አሉና ኮት ሥር የምትደበቅ ትንሽ ሽጉጥ አስታጠቁት። በቃ፣ ጣጣው ከዚያ ጀመረ። መሣሪያ የሚይዝ ሁሉ የተኩስ ፈተና ይወስዳል ተባለ፤ የወደቀ ከበሩ ይነሳና «ሌላ ቦታ» ይመደባል። ሌላ ቦታ የት እንደሆነ ጠይቆ መልስ ያገኘ ሰው የለም።

ጋሽ ተካ አሥር ጥይት ተኮሰ። አሥሩም ከኢላማው መሃል አንድ ስንዝር ዝቅ ብለው፣ አንድ ላይ ተሰብስበው ተገኙ። ወደቀ። ሦስት ሳምንት ተሰጠውና እንዲደግም ተባለ።

ያን ሰሞን ምሳውን አልበላም። አጠገቡ ቁጭ ብዬ ብጠይቀው፣ በጠመንጃ ስቶ እንደማያውቅ ነገረኝ። ዓይኔ ይሆን? እጄ ይሆን? እያለ መዳፉን ያገላብጣል። ከዚያ ድምፁን ቀነስ አድርጎ፣ ሽጉጡንስ ይውሰዱት፣ በሩን ከወሰዱብኝ ግን ጠዋት ተነስቼ የት እሄዳለሁ? አለኝ።  

ምክር እንደሆነ ሞልቷል። ወሎ ሰፈር ያለ አንድ ባለ ሱቅ ከፍ አድርገህ አነጣጥር አለው። አንድ ሾፌር ደግሞ ጥይቱ አርጅቶ ነው አለ። እኔ ግን ሳይንሱን አመጣሁ። ሽጉጥ ዝቅ ከመታ አፈሙዙ ጫፍ ላይ ያለችውን ማነጣጠሪያ ጉብታ በሞረድ ቀነስ ማድረግ ነው፤ ጉብታዋ ስታጥር ተኳሹ አፈሙዙን ቀና ያደርጋል፣ ጥይቱም ከፍ ይላል። ይሄ እኮ ሐሰት አይደለም፣ ማንንም ጠይቁ። ላንቻ ካለው ሰፈሬ ደቃቅ ሞረድ ገዝቼ መጣሁ። ጋሽ ተካ ሞረዱን አየና፣ የሰው ንብረት ነው፣ የተሞረደ ነገር ደግሞ አይመለስም፣ መጀመሪያ የሚያውቅ ሰው ይየው አለኝ። ታዲያ እኔ ማን ነኝ? ትንሽ ተቀየምኩ።

ቅዳሜ በአሮጌ መኪናዬ ከከተማ ወጣ ብሎ ወዳለው የተኩስ ሜዳ ወሰድኩት። ሞረዱ ኪሴ ውስጥ ነው። አሠልጣኟ ልጃችን የምትሆን ወጣት ናት፤ አጭር፣ ቁጥብ፣ ከመናገሯ በፊት የምታይ። ታሪኩን ሰማች፣ ሽጉጡን ተቀበለች፣ ቆማ አምስት ጥይት ተኮሰች። አምስቱም መሃል! በቡና ሲኒ ማስቀመጫ ይሸፈናሉ። እኔ ኪሴ ውስጥ ያለውን ሞረድ ነካ አደረግኩ።

ከዚያ ጥይቶቹን ራሷ የሽጉጡ ጥይት መያዣ ካርታ ውስጥ ከታ ሰጠችው። ጋሽ ተካ ተኮሰ። ዝቅ። ተኮሰ። ዝቅ። ሦስተኛው ላይ ቃታውን ሳበ፤ «ቀጭ» ብቻ አለ። ለካስ ሳትነግረው ባሩድ የሌለው የልምምድ ጥይት ከመሃል አስገብታበት ኖሯል። ድምፅ የለም፣ ወደ ኋላ የሚገፋ ነገር የለም። አፈሙዙ ግን ዝቅ አለ። ሁለቱ እጆቹ ዝቅ አሉ። ጋሽ ተካ ራሱ ከወገቡ ዝቅ አለ።

እንቅስቃሴውን የት እንደማውቀው ወዲያው ገባኝ። በየቀኑ ነው የማየው። ጋሽ ተካ ጥይቱን አይተኩስም፤ በሁለት እጁ፣ በክብር፣ ያቀብላል! ጠመንጃው ትከሻው ላይ ስለሚያርፍ ጎንበስ አያስብለውም ነበር። ይቺ ግን በሁለት እጅ ፊት ለፊት የምትያዝ ናት፤ ቁርጥ መታወቂያ።

ልጅቷ አልሳቀችም። እስካሁን አመሰግናታለሁ። ጠጋ ብላ፣ «ጋሼ፣ ከፊትዎ የሚቀበልዎ ሰው እኮ የለም» ብቻ አለችው። ከዚያ ሽጉጡን ባዶ አደረገች፣ ባዶነቱን ለእሱም አሳየችው፣ ላዩ ላይ አንድ ሳንቲም አስቀመጠችና ሳንቲሙ ሳይወድቅ ቃታውን ቀስ አድርጎ እንዲስብ አዘዘችው። ሳንቲሙ ወደቀ። ደግሞ ወደቀ። ወደ ማታ ላይ አንዴ አልወደቀም። እንደ ልጅ ፈነደቀ።

በሥራ ቀን ሽጉጥ እያወጣ እንዳይለማመድ ስቴፕለሬን አዋስኩት። በር ላይ ሰው ጋብ ሲል ሳንቲም ይጭንበታል፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ቀስ... ቀጭ። ሁለት ሳምንት ሙሉ። ፈተናው ደረሰ፤ አሥር ተኩሶ ዘጠኙን መሃል ከተተ። ሕንፃው በሙሉ አጨበጨበ። እኔም ትንሽ የራሴ ድል መሰለኝ፣ ስቴፕለሩ የኔ ነዋ።

እዚህ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር።

በሳምንቱ ሦስተኛ ፎቅ ጥርሳቸውን የሚታከሙት እማማ ዘነበች ደረጃው ላይ ያዙኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «ተካን ምን በድዬው ነው?» አሉኝ። መታወቂያቸውን ቀጥ ብሎ፣ እንደ ወታደር ሰጥቷቸዋል። ወርጄ ብነግረው ደነገጠ። እኔ? ለእማማ ዘነበች? አላወቀም እኮ! ከኢላማው የተነቀለው ጎንበስ ማለት ከበሩም ተነቅሏል። ፈተናው ደግሞ በየስድስት ወሩ ነው። «ዝቅ ካልኩ ሽጉጡ ዝቅ ይላል፣ ቀጥ ካልኩ ሰው ይቀየማል፤ እስቲ አንተ አዋቂው ምከረኝ» አለኝ። የኔ ምክር እንደሆነ ያው ሞረዱ ነው፤ እሱ ደግሞ ለዚህ አይሆንም።

በነጋታው ራሱ ለእማማ ዘነበች ሁሉንም ተናዘዘ። ስለ ሽጉጡ፣ ስለ ሳንቲሙ፣ «ሌላ ቦታ» ስለሚባለው። በአዲሱ ጥርሳቸው ሳቁ። «አንተ ልጅ፣ ይህን ቀድመህ አትነግረኝም? በል አንተ ቀጥ በል፣ እኔ ለሁለታችንም ዝቅ እላለሁ» አሉና መታወቂያቸውን በሁለት እጃቸው፣ እስከ መሬት ጎንበስ ብለው ተቀበሉት። ያየ ሁሉ ተከተላቸው። ከዚያ ወዲህ ልማድ ሆኗል። ፈተና ሲቃረብ ጋሽ ተካ ይገተራል፣ ሕንፃው ይጎነበሳል። ሲያልፍ ደግሞ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል።

ትናንት፣ ሳንቲሙ መውደቅ ስላቆመ፣ ስቴፕለሬን መለሰልኝ። ፈተናው ቅርብ ስለሆነ ቀጥ ብሎ፣ በአንድ እጁ። እኔ ሳላስበው በሁለት እጄ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ ተቀበልኩት።

ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«አንተም ዝቅ ትመታለህ» አለኝ። «ያ ሞረድህ የት አለ?»