ክቡር ከዚያስ

እንደ እሳቸው ያለ ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት የለም። ሁሉም ሥራውን ጨርሶ፣ ቦርሳውን አንግቶ ሊወጣ ሲል፣ «ከዚያስ?» ብለው መልሰው የሚያስቀምጡ ማለት ነው። የሆስፒታሉ መሐንዲስ እውነተኛ ስማቸው መታወቂያቸው ላይ ብቻ ቀርቷል። በኮሪደሩ የሚታወቁት ክቡር ከዚያስ በሚል ማዕረግ ነው።

የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ኃላፊዋ ሲስተር በእኚህ ሰው ያልተቃጠለችበት ሳምንት የለም። በየአልጋው አጠገብ ደወል ይተከልልን ብላ ብታመለክት፣ ክቡርነታቸው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ እናቶቹ የሚፈልጉት ደወል ነው ወይስ ነርስ ብለው ጠየቁ። ነርስ ነው አለች። እንግዲያው ደወሉ የሚጮኸው የት ነው? እዚያ ማን ይቀመጣል? ተቀማጩ ሻይ ሊጠጣ ሲወጣስ? ሲስተር በመጨረሻ ያገኘችው የጠየቀችውን ደወል አልነበረም፤ ከነርሷ ኪስ ውስጥ የሚጮኽ ነበር፤ የተሻለ መሆኑን ላለማመን ብዙ ታገለች። ቤታቸውም ሰላም የለም አሉ። ባለቤታቸው መጋረጃ ስቀልልኝ ቢሏቸው፣ ፀሐይ እንዳይገባ ነው ወይስ ጎረቤት እንዳያይ ሲሉ መስኮቱ ወር ሙሉ ራቁቱን ከርሟል።

አዲሱ የሕፃናት ሕንፃ ሲያልቅ ግን ሲስተር ቀልድ አልታያትም። ልጇ የመጀመሪያዋን አርግዛ ሰባተኛ ወሯን ይዛለች፤ ሐኪሙም ሕፃኑ ቀኑን ሳይጠብቅ ሊመጣ ይችላል ብሏታል። ስድስቱ የሕፃናት ማሞቂያ ሣጥኖች ተደርድረዋል። መብራት ሲጠፋ የሚነሳው ጄኔሬተርም ተፈትኗል፦ ሰኞ ከልብስ ማጠቢያው ጋር፣ ማክሰኞ ከውኃ ፓምፑ ጋር፣ ረቡዕ ከማሞቂያዎቹ ጋር። እያንዳንዱ ኃላፊ በደንብ ይሠራል ብሎ ፈርሟል። የቀረው የክቡርነታቸው ፊርማ ብቻ ነበር።

«ለየብቻማ ሠርተዋል» አሉ ክቡር ከዚያስ። «መብራት ሲጠፋ ግን ለሁሉም ባንዴ ነው የሚጠፋው። አብረው ሲነሱስ?»

«ኢንጂነር፣ የኔ ልጅ እኮ የርስዎን ፊርማ አትጠብቅም» አለች ሲስተር።

ክቡርነታቸው ወደ ማሞቂያዎቹ ሄዱ። በየማሞቂያው ለብ ያለ ውኃ የያዘ ጠርሙስ አስተኙ፣ ቴርሞሜትር ከተቱበት፣ በፎጣም እንደ ሕፃን ጠቀለሉት። ከዚያ ገና ሰው ያልገባበትን ሕንፃ መብራት በጠራራ ፀሐይ አስጠፉ።

ጄኔሬተሩ አጓራ። ማጠቢያው፣ ፓምፑና ማሞቂያዎቹ ባንዴ ተነሱ። ሰው ሊያጨበጭብ እጁን ሲያነሳ ጄኔሬተሩ ሁለት ጊዜ ሳል ሳል አለውና ጸጥ አለ። ሲስተር ስድስቱን ጠርሙሶች አየቻቸው። ቴርሞሜትሩ ቀስ በቀስ ሲወርድ ቆማ ተከታተለች።

መክፈቻው ዘጠኝ ቀን ተራዘመ። በዘጠኙ ቀን ክቡርነታቸው መሣሪያዎቹን ተራ አስያዟቸው፦ መጀመሪያ ማሞቂያዎቹ፣ ጥቂት ቆይቶ ፓምፑ፣ በስተመጨረሻ ማጠቢያው። ሦስት ጊዜ መብራት አስጠፍተው ሦስት ጊዜ ጠርሙሶቹን ዳሰሱ። ሲስተር በየቀኑ የልጇን ሆድ እያየች ስትረግማቸው ሰነበተች። ጠርሙሶቹን በፎጣ የምትጠቀልላቸው ግን እሷው ነበረች።

ክፍሉ በተከፈተ በአራተኛው ቀን የልጅ ልጇ መጣች፤ ክብደቷ ከአንድ ኪሎ ተኩል እምብዛም አይበልጥም። ሳምንት በሞላት ዕለት፣ እኩለ ቀን ላይ፣ መብራት ድርግም ብሎ ጠፋ።

ከሰዓት በኋላ ሲስተር የክቡርነታቸውን ቢሮ ሳታንኳኳ ገባች። በደረጃው ላይ ያዘጋጀችው ምስጋና በሙሉ በሩ ላይ ጠፋባት።

«ዛሬ መብራት ጠፋ» አለች።

«ከዚያስ?»

«ጄኔሬተሩ ተነሳ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ» አለች እንባዋን በጋዋኗ እጅጌ እየጠረገች፣ «ርቧት ነቃችና አለቀሰች። እግዜር ያክብርልኝ፣ ኢንጂነር።»

ክቡር ከዚያስ መነጽራቸውን አወለቁ። አፋቸውን ከፈት አድርገው የሚጠይቁት አጡና ወንበር ሳቡላት።