ሊቀ ፋይላት ገረመውና ሁለተኛው ምስል

ሀበሻ በተሰበሰበበት ሁሉ አንድ «ይጻፍልኝ» ባይ አይጠፋም። ሰው ተሳስቆ፣ ተስማምቶ፣ ካፖርቱን ለብሶ ሊወጣ ሲል «ቆይ፣ ይሄ ነገር የት ላይ ነው የተጻፈው?» የሚል ሰው። በእድር አለ፣ በማኅበር አለ፣ በሠርግ ኮሚቴ ውስጥማ ሁለት አለ። አገር ቢቀይር አይቀየርም። እንዲያውም ካናዳ ወረቀት የሚወድ አገር ስለሆነ እዚህ ይመቸዋል፣ ይወፍራል።

የቶሮንቶ ድርሻችን ጋሽ ገረመው ናቸው። የሚኖሩት ክሬሰንት ታውን፣ አሥራ ስምንተኛ ፎቅ ላይ ነው። የሕንፃው አስተዳደር «ሊፍቱ እስከ ማክሰኞ አይሠራም» ብሎ ሲለጥፍ፣ ከሥሩ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ «የየትኛው ሳምንት?» ብለው የሚጽፉት እሳቸው ናቸው። ብሉር ጎዳና ላይ ምግብ ቤት ገብተው ሒሳብ ሲመጣላቸው መነጽራቸውን ያወጣሉ። አስተናጋጇ «ዛሬ ደግሞ ምን ጨምሬባቸው ይሆን» ብላ ስትጨነቅ፣ «ልጄ፣ የጠጣሁት ሁለት ሻይ ነው፤ የጻፍሽው አንድ ነው» ብለው ወረቀቱን ይመልሱላታል። ሲበዛባቸውም ሲጎድልላቸውም እኩል አያስቀምጣቸውም።

ሥራቸው በልካቸው የተሰፋ ነው። መሃል ከተማ ባለ አንድ ሆስፒታል የሕክምና ኮድ አውጪ ናቸው። ሐኪሙ የሠራውን ይጽፋል፤ እሳቸው ያንን ጽሑፍ መስመር በመስመር አንብበው ወደ ቁጥር ይለውጡታል፤ መዝገቡ የሚያዘውም፣ ሒሳቡ የሚጠየቀውም በዚያ ቁጥር ነው። የአንጎል ቀዶ ሕክምና ፋይል ደግሞ ርስታቸው ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ የበሽተኛው ራስ ቅል ክፍት እንደሆነ ምስል ማንሻው ይመጣና ዕጢው ሙሉ በሙሉ መውጣቱን ያሳያል፤ የቀረ ካለ ሐኪሙ ይመለስበታል። በቀዶ ሕክምናው መሃል የተነሣ ምስል አንድ ኮድ አለው፣ ራስ ቅሉ ከተዘጋ በኋላ የተነሣ ሌላ ኮድ። በሁለቱ መካከል ጋሽ ገረመው ዘብ ቆመዋል። ሐኪሙ ካልጻፈው መላእክት ወርደው ቢመሰክሩም አያስገቡትም። «ያልተጻፈ አልተደረገም» ይላሉ። ጊዜ ካላቸው ደግሞ «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል»ን ያስከትላሉ።

ጸዮን አጠገባቸው የተቀመጠችው በመስከረም ነው። ትምህርቷን ጨርሳ፣ ለስድስት ወር ሙከራ የተቀጠረች የጄን ኤንድ ፊንች ሰፈር ልጅ ናት። ሙከራዋ ሲያልቅ ትቆይ ወይስ ትሂድ ብለው የሚጽፉት ጋሽ ገረመው መሆናቸውን ስትሰማ ደስ አላት። የአገሬ ሰው ናቸው፣ አባቴ የሚሆኑ ናቸው፣ ምን ይከብዳቸዋል አለች። ደስታው አንድ ሳምንት ቆየ። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ፋይል ሦስት ጊዜ መለሱባት፤ በሦስተኛው ሳምንት በልቧ ማዕረግ ሰጠቻቸው፤ ሊቀ ፋይላት።

ጥር ላይ ከሥራ አብረው ሲወጡ፣ የሆስፒታሉ በር ላይ አንዲት ሴት ትጠብቃቸው ነበር። የኔነሽ ትባላለች፣ አውቶብስ ነጂ ናት፣ ከጋሽ ገረመው ጋር በአንድ እድር ናቸው። እናቷ እትዬ ወለተሥላሴ ሊጠይቋት መጥተው ድንገት ወድቀው፣ አንጎላቸው ውስጥ ዕጢ ተገኝቶ፣ እዚሁ ሆስፒታል ተከፍተው ድነዋል። ለእንግዳ የሚገዛ ኢንሹራንስ ነበራቸው።

«ጋሼ፣ ኢንሹራንሱ ሁለተኛውን ፎቶ አልከፍልም አለኝ» አለች ደብዳቤውን ዘርግታ። «ከኦፕሬሽን በኋላ የተነሣ ነው፣ እሱን ከቨር አናደርግም ይላል። ዘጠኝ ሺህ ዶላር! እርስዎ ያውቁበታል፣ አንድ ነገር ይጻፉልኝ።»

ጋሽ ገረመው እሳት ያዩ ያህል እጃቸውን ወደ ኋላ ሸሸጉ። «አታሳዪኝ። እናትሽን አውቃቸዋለሁ፣ ፋይላቸውን አልነካም። ሙሉ ወረቀቱ እንዲታይልሽ ለሆስፒታሉ በጽሑፍ አመልክቺ።»

የኔነሽ ደብዳቤውን አጣጥፋ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ሄደች። አባባሏ ምርቃት አልነበረም።

ጸዮን ግን ደብዳቤው ላይ የእናትየዋን ስም አይታለች። ያንን ፋይል ኮድ ያደረገችው እሷ ናት። የሐኪሙ ጽሑፍ «ሥራው በሰላም ተጠናቀቀ። ሁለተኛ ምስል ተነሥቷል» ብሎ ያልቃል። መቼ? አይልም። የምስል ማንሻው ሰዓትና የቀዶ ሕክምና ክፍሉ ሰዓትም አልተስማሙም። ሕጉ ጠይቂ ይላል። ለመጠየቅ ጽፋም ነበር። ከዚያ የሐኪሙን ስምና ከኋላው የተደረደረውን ማዕረግ አየችና ይሉኝታ ያዛት። የሰው አንጎል ከፍቶ የሚዘጋን ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር ማስቸገር ነውር መሰላት። ጥያቄውን አጠፋችና «ከተዘጋ በኋላ» የሚለውን ኮድ ሰጠች። በጨዋነት ዘጠኝ ሺህ ዶላር የኔነሽ ጫንቃ ላይ ጣለች ማለት ነው።

በማግሥቱ ቢሮ ስትገባ ጋሽ ገረመው ለአለቃቸው እየጻፉ ነበር፤ «ቤተሰቡን አውቃለሁ፣ ይህ ፋይል በእኔ እጅ እንዳያልፍ።» ጸዮን ተናደደች።

«ጋሽ ገረመው፣ ሰው አይደሉም እንዴ? ኖርማል ሰው እኮ ዝም ብሎ ያስተካክለው ነበር!»

«ሰው ስለሆንኩ ነው» አሉ ቀና ሳይሉ። «እኔ ባስተካክለው ነገ ‹ወዳጇ ነው የጻፈላት› ይባላል። ያን ጊዜ እውነቱም ውሸት ይሆናል። የማያውቃት ሰው ይየው።»

«የማላውቃት እኔ ነኝ» አለች ጸዮን። «ስህተቱም የኔ ነው። መጠየቅ ነበረብኝ፣ ፈርቼ ተውኩት።»

አሁን ቀና አሉ። ትኩር ብለው አዩዋት። ሙከራዋ ሊያልቅ ስድስት ሳምንት ቀርቶታል፤ ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም ነበር። ይሄን ሁለቱም ያውቃሉ።

«እንግዲያው ሳይቃጠል በቅጠል» አሉ። «ለአለቃችን በጽሑፍ አሳውቂ፤ ከዚያ ለቀዶ ሐኪሙ ጥያቄ ላኪ። ፋይሉን አታሳዪኝ። አጠያየቅ ግን ለማንም አስተምራለሁ።»

የመጀመሪያው ጥያቄዋ እንዲህ ይል ነበር፦ ክቡር ዶክተር፣ ስላስቸገርኩዎ በጣም ይቅርታ፣ ሁለተኛው ምስል ራስ ቅሉ ሳይዘጋ ነው የተነሣው፣ አይደል?

ሳታሳያቸው በቃሏ ስትነግራቸው እራሳቸውን ያዙ። «ይቅርታውን አውጪ፣ ሥራሽ ነው። ‹አይደል›ንም አውጪ። ጠይቂው እንጂ መልሱን አታጉርሺው። ኢንሹራንሱ ያጎረስሽውን ካየ፣ የሐኪሙ መልስ ዋጋ የለውም።»

የቀረው አንድ መስመር ሆነ፦ ሁለተኛው ምስል የተነሣው መቼ ነው? ጸዮን ዐይኗን ጨፍና ላከችው።

ሁለት ቀን መልስ የለም። ከሥራ ተባረሩ ሲባል የሰማቻቸው ሰዎች ሁሉ በሕልሟ መጡ። በሦስተኛው ቀን ሐኪሙ ጻፈ፦ «ራስ ቅሉ ክፍት እያለ ነው። የአተር ፍሬ የምታህል ቅሪት አየንና ተመልሰን አወጣናት። ሪፖርቴን የዛሬን ቀን ጽፌበት አርሜዋለሁ። ስለጠየቅሽ አመሰግናለሁ።» ያ ሁሉ ፍርሃት ለዚህ ነበር። ጸዮን ኮዱን አስተካክላ፣ ማረሚያውን አያይዛ ላከች። ኢንሹራንሱ በሦስት ሳምንት ከፈለ። የኔነሽ ማን እንደጠየቀላት አታውቅም፤ ጋሽ ገረመውን ግን እስከ ዛሬ በሩቁ ነው ሰላም የምትላቸው፣ እሳቸውም ችለውታል።

የካቲት ማለቂያ ላይ የጸዮን ሙከራ አበቃ። ጋሽ ገረመው ሁለት ገጽ ግምገማ ጽፈው ጠረጴዛዋ ላይ አኖሩ። «እዚሁ አንብቢው። ከኋላሽ የምጽፈው የለም።»

ሰባት ስህተት፣ በተራ ቁጥር። ጸዮን እያነበበች ፊቷ ጋለ። በልቧ ዕቃዋን ሸከፈች። ስድስተኛው የእትዬ ወለተሥላሴ ፋይል ነበር፤ ከሥሩ ግን እንዲህ ይላል፦ «ይህን ስህተት ያወጣችው ራሷ ናት፤ ሥራዋን ሊያሳጣት እንደሚችል እያወቀች።» የመጨረሻውን መስመር ሁለቴ አነበበችው። «እኔ እዚያ የቀዶ ሕክምና ጠረጴዛ ላይ ብተኛ፣ ፋይሌን እንድታነብልኝ የምፈልገው እሷ ናት። ትቀጠር።»

እንባዋ መጣ። እኒህን ደረቅ ሰውዬ እንደምትወዳቸው ያወቀችው ያን ጊዜ ነው። ላመስግን ብላ አፏን ከፈተች፣ ግን ዐይኗ ወረቀቱ ላይ ቀረ። ገጹን ገለበጠች፣ መለሰች፣ ወደ እሳቸው ገፋችው።

«ጋሽ ገረመው» አለች አፍንጫዋን እየጠረገች፣ «ቀን የለውም።»

መነጽራቸውን አደረጉ። ላዩን አዩ፣ ታቹን አዩ። ከዚያ ጸዮን በስድስት ወር አይታው የማታውቀውን ሳቅ ሳቁ፣ ከወዲያ ያሉት ሠራተኞች ሁሉ ዞረው እስኪያዩአቸው።

«የለውም! እውነትም የለውም!» እያሉ ቀኑን ጻፉ፣ ፈረሙ፣ ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ሰጧት። «በይ ይዘሽ ሂጂ። ከእንግዲህ ጡረታ ብወጣም ግድ የለኝም።»