አስታጣቢውን ማን ያስታጥበው?

በእጅ መታጠብ ነገር መቼም እኛን የሚያህል የለም። ማዕዱ ከመቅረቡ በፊት ማስታጠቢያው ይቀድማል፤ ልጁ ማንቆርቆሪያውን ይዞ ከአዛውንቱ ይጀምርና ጎንበስ እያለ፣ ምርቃቱን እየሰበሰበ፣ በዕድሜ እስከ ታች ይወርዳል። ከተማም ገጠርም ያው ነው። እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ሁሉንም ያስታጠበውን ያን ልጅ ማን አስታጠበው? 

እኔም ሸዋ በር ሰፈር ሳድግ ስንቱን ሳስታጥብ ይህን ጠይቄ አላውቅም። ነገሩ የገባኝ ሶፊ ገጠር በተከፈተች ባለ አንድ ክፍል ትምህርት ቤት መምህር ሆኜ ስሄድ ነው። ተማሪዎቼ ጠዋት ከብት ሲያግዱ፣ ጫት ሲለቅሙ ቆይተው ይመጡና በዚያው እጃቸው ከቤት የያዙትን ቂጣ ይበላሉ። ሆዱን ታሞ የሚቀረው በዛ። ከጊደር መጋላ ገበያ ሳሙና ገዛሁና ሕግ አወጣሁ፤ ጥንድ ጥንድ ሆናችሁ አንዱ ያፈስሳል፣ ሌላው ሁለት እጁን ይፈትጋል፣ ከዚያ ማንቆርቆሪያው ይዞራል። ያስታጠበ ሳይታጠብ አይበላም። ልጆቹ ሕጉን ወደዱት። ችግሩ፣ በጣም ወደዱት።

ከሁሉም የባሰው ዐብዲ ነው። አባቱ ሐጂ ዩሱፍ የመንደሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ልጆቹ የመጡልኝ እሳቸው «ተማሩ» ስላሉ ነው፣ «ተዉ» ካሉ ደግሞ ከግድግዳው በቀር የማስተምረው አይኖረኝም። አንድ ምሽት እቤታቸው እንግዳ መጣ። ዐብዲ ከአባቱ ጀምሮ ሁሉንም አስታጠበ። ሲጨርስ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ማንቆርቆሪያውን ለአባቱ አቀበለና እጁን ዘረጋ። እንግዳ ፊት!

በማግስቱ ሐጂ በሩን በከዘራቸው ገፍተው ገቡ።

«አንተ መምህር! ወላሂ፣ እኔ ልጅ ሰጠሁህ፣ አንተ ጌታ አድርገህ መለስክልኝ። አባቱን አስታጣቢ ሊያደርገኝ!»

«ሐጂ፣ ይቀመጡና በዓይንዎ ይዩት። ካልወደዱት ልጆቹን ይውሰዱ» አልኩ። ድፍረቱ ከየት እንደመጣ እንጃ።

ልጆቹ ደጅ ወጥተው መታጠብ ጀመሩ። የሐጂ ቁጣ ቀድሟቸው መንደሩን ስላዳረሰ ግማሹ ልጅ ከትምህርት ቀርቷል፤ ካልመጡት አንዱ የዐብዲ ጥንድ ነው። ዐብዲም ማንቆርቆሪያ ማንሣት የማይችል አንድ ትንሽ ልጅ አስታጠበና እሱን የሚያስታጥበው አጣ። ሌሎቹ ጥላ ሥር ተቀምጠው ይበላሉ። እሱ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘ፣ ቂጣው ሳይነካ፣ ወደ አባቱ ሳያይ ቆሟል።

ሐጂ ብዙ አዩት። «ትናንትም እንዲህ ቆሞ ቆሞ ሳይበላ ተኛ» አሉ፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሳቸው። ላስታጥበው ብነሣ በከዘራቸው መለሱኝ።

«ቁጭ በል! ልጁ የማን ነው?»

ከዘራውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ማንቆርቆሪያውን ተቀበሉ። «ና፣ ዐብዲ። ቢስሚላህ በል። ሁለቱንም እጅ!»

ውኃው ሲወርድ ልጆቹ ማኘካቸውን አቆሙ። እኔ ምን ልደብቃችሁ፣ በደስታ አለቀስኩ። ዐብዲ ታጥቦ ሲጨርስ በተራው አባቱን አስታጠበ፤ ሐጂም ከልጃቸው ቂጣ ቆርሰው በሉ።

በማግስቱ ክፍሏ ጢም አለች። ሐጂማ ከእኔ ብሰው ቁጭ አሉ፤ ሠርግ ቤት ሰው ሁሉ ለማዕዱ እጁን ሲሰድ «ቆይ! ያስታጠበው ልጅ ታጥቧል?» ይላሉ፣ እሱ ሳይታጠብ አንድም እጅ አይገባም። ሆዱን ታሞ የሚቀር ተማሪም እየቀነሰ ሄደ። ሶፊን በአንድ ማንቆርቆሪያ ድል አደረግኳት ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በዚህ ኩራት ለፋሲካ ሸዋ በር፣ አባቴ ቤት ገባሁ። እንግዳው ሞልቷል። መምህር ብሆንም የቤቱ ታናሽ ነኝና ከአባቴ ጀምሬ ሁሉንም አስታጠብኩ።

«ትምህርቱስ እንዴት ነው?» አሉኝ አባቴ እጃቸውን እያራገፉ።

«ግሩም ነው፣ አባባ» አልኩና ማንቆርቆሪያውን እቅፍ አድርጌ ወደ ጓሮ ወጣሁ፤ ብቻዬን ልታጠብ።