ተካፍለን የዋጥነው ካፕሱል

ጥፍር እንዳላችሁ ትዝ የሚላችሁ መቼ ነው? እኔን ሲያመኝ ነው። ራሴን አመመኝ ብትሉ ሰው ሁሉ አይዟችሁ ይላል። ወገቤን ብትሉ ትራስ ያቀብላችኋል። ጥፍሬን ያላችሁ ዕለት ግን ይስቁባችኋል። በአንዲት ጥፍር ምክንያት ልጄ ሚስት ሊያጣ ነበር ብላችሁ ታምኑኛላችሁ?

የምኖረው መንዝ፣ ሞላሌ ከተማ ነው። የበግ ጠጉር አጥቤ፣ ፈትዬ ባና የሚባለውን የሱፍ ብርድ ልብስ ለሚሠሩ እሸጣለሁ። የመንዝን ውሃ የነካ ያውቀዋል፤ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። እጄ ደግሞ ከዚያ ውሃ ወጥቶ አያውቅም። ከጥፍሬ ጥግ ቆዳ ትላጣለች፤ እኔም ጥርስ አላጣሁም፣ ነክሼ እጥላታለሁ። አንድ ቀን እንደ ልማዴ ብነክሳት የቀኝ አውራ ጣቴ ቀላ፣ አበጠ፣ ከጥፍሩ ሥር መግል ቋጠረ።

ጎረቤት መቼም ምክር አያልቅበትም። አንዷ ቅቤ ቀቢው አለችኝ። ሌላዋ ሽንኩርት ወቅጠሽ እሰሪበት አለች። አንድ ሽማግሌ ደግሞ ጣትሽን ከተቀቀለ ትኩስ እንቁላል ውስጥ ክተቺው አሉኝ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች አሉ! ሁሉንም አደረግሁት። ቅቤ፣ ሽንኩርት፣ እንቁላል ተደርቦበት ጣቴ ዶሮ ወጥ ሊሆን ምንም አልቀረው። በርበሬ የሚል ሰው ሳይመጣ ጤና ጣቢያ ሄድኩ።

ሲስተሯ ልጅ እግር ናት፤ ቁጣዋ ግን የአማት ነው። መግሉን አወጣችልኝ። ጮህኩ፤ አልዋሻችሁም። ከዚያ ለብ ባለ ውሃ እየዘፈዘፉ በደንብ ያድርቁት፣ በጥርስዎ እንዳይነኩት፣ ይህን ካፕሱል ደግሞ ተሻለኝ ብለው ሳያቋርጡ እስከ መጨረሻዋ ይዋጡ አለችኝ። እሺ አልኩ። እሺ ማለት ምን ያስቸግራል?

ጥቂት እንደዋጥኩ እብጠቱ ጎደለ። በዚያው ሰሞን ጎረቤቴ ዘነበች ሳል ይዟት መጣች። ራቤል ከተማ የእህቷ ልጅ ክርስትና አለባት፣ በዚህ ሳል እንዴት ልሂድ ትላለች፤ ዓይኗ ግን ካፕሱሉ ላይ ነው። ምን ላድርግ? ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል እየተባለ ያደገ ሰው እንዴት ካፕሱል ብቻውን ይውጣል? አብዛኛውን ሰጠኋት። ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጥራ መረቀችኝና ሄደች። ከቀረችኝ አንዷን ፈልቅቄ ዱቄቷን ጥፍሬ ላይ ነሰነስኩ። ሁላችንም እንዲህ አይደል የምናደርገው? ላይ ላለ ቁስል በሆድ ዞሮ እስኪደርስ ማን ይጠብቃል?

ጣቴ ተመልሶ አበጠ። ያበጠውም መቼ መሰላችሁ? የልጄ የይታገሱ እጮኛ አባት ቤታችንን ሊያዩ በሚመጡበት ሳምንት።

ጋሽ ወንድይፍራው የራቤል ሰው ናቸው። ልጄ የምትገባበትን ቤት ሳላይ፣ የቤቱን እህል ሳልቀምስ ቀን አልቆርጥም ብለዋል። ይታገሱ ልጅቷን ይወዳታል፤ ስልኩ ሲጮህ ፊቱ ያስታውቅበታል። እኔም ብሆን ወድጃታለሁ። ሙክት አርደን፣ ጠላ ጠምቀን ጠበቅናቸው።

ሐሙስ ዕለት ከአንድ ዘመዳቸው ጋር ጥቁር በርኖሳቸውን እስከ አንገታቸው ዘግተው ገቡ። ይታገሱ እጅ ሊያስታጥባቸው ሲያጎነብስ ወንዝ ላይ ታጥቤአለሁ ብለው አለፉት። ኩሩ ናቸው አልኩ በልቤ። ማዕዱ ቀረበ። አሁን እኔ እናትየዋ ተነስቼ ማጉረስ አለብኝ። በምን ጣቴ? ያንን በጨርቅ የተጠቀለለ ጉድ አማች አፍ ውስጥ ልክተተው? በግራ እንዳላጎርስ ስድብ ነው። እጄን ነጠላዬ ሥር ሸሽጌ፣ ብሉ እንጂ፣ ብሉ እንጂ እላለሁ።

እሳቸውም አይነኩም። ቢለመኑ፣ ስእለት አለብኝ፣ ጾም ነኝ አሉ። በሐሙስ! በፍስክ! እህላችንን ናቁት ማለት ነው። ዘመድዬውም እያየኝ ነው። ይቺ ሴት አንድ ጉርሻ ነፈገችን የሚል ፊት ነው ያለው። ቀስ ብሎ፣ መሸብን ብንነሳስ አላቸው። ገና ቀትር ነው። ይታገሱን ላብ አጠመቀው። በመንዝ ብርድ ሰው ሲያልበው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጣቴን ቆርጬ ብጥለው ደስ ባለኝ።

ጋሽ ወንድይፍራው ለመነሳት ሲሞክሩ ዘነበች ወጥ ልትጨምር ከጓዳ ብቅ አለች። አየቻቸውና ድስቱን እንደያዘች ቀጥ አለች።

«ውይ! የክርስትናው ሰውዬ! ጣትዎ እንዴት ሆነ? ያ የሰጠሁዎት መድኃኒት አላሻለዎትም?»

ጋሽ ወንድይፍራው መሬት መሬት አዩ። ከዚያ ቀኝ እጃቸውን ከበርኖሱ ሥር አወጡ። ሌባ ጣታቸው በጨርቅ ተጠቅልሎ የማሽላ ራስ አክሏል።

«አሽሎኝ ነበር እኮ የኔ እህት» አሉ። «ወንድሜን ጥርሱን አሞት አካፈልኩታ። ብቻዬን ልዋጠው?»

ለካ ዘነበች ሁለት ውጣ ሳሏ ሲለቃት፣ የተረፈውን ራቤል ወስዳ ጥፍሩን ለታመመ እንግዳ ለግሳለች። የኔ ካፕሱል! ከጣቴ ተነስቶ፣ በሳል አድርጎ፣ አማቼ ጣት ደርሶ፣ ጥርስም ጎብኝቷል። ማንንም ግን አላዳነም። እኔም ነጠላዬን ገለጥኩና አውራ ጣቴን አሳየኋቸው። ይታገሱ ነው መጀመሪያ የሳቀው። ያን ቀን ይታገሱ ሁለታችንንም በየተራ እያጎረሰ መገበን፤ ስእለቱም በዚያው ተረሳ።

በማግስቱ ጠዋት ከአማቼ ጋር ጤና ጣቢያ ሄድን። ሲስተሯ የሆነውን ስትሰማ ጣታችንን ትታ እኛን ልትቀጣ ደረሰች። መግሉን አወጣች፤ ጋሽ ወንድይፍራውም ከኔ ብሰው ጮሁ። ለየራሳችን ካፕሱል ሰጥታ፣ የመጀመሪያዋን ፊቴ ነው የምትውጧት አለች። አማቼ በዚያ ጣት ካፕሱሏን ከማሸጊያዋ መፈልቀቅ አቃታቸው። እኔ በደህናዎቹ ጣቶቼ ቆንጥሬ አፋቸው ላይ አደረስኩላቸው። ፍቅርና ጉርሻ ሲያስጨንቅ ነው ይባል የለ? ጉሮሯቸው ላይ ተሰንቅራ ዓይናቸው እንባ ሞላ።

«በሉ ይድገሙኝ» አሉ ውሃ ጠጥተው። «አንድ ጉርሻ ያጣላል።»

«ሁለተኛው ለማታ ነው!» ብላ ጮኸች ሲስተሯ።

እየሳቅን ስንወጣ ዘነበች በሩ ላይ ቆማለች። ሳሏ ተመልሶባታል። ምን ሰጠቻችሁ አለች፣ እያሳለች። እኔና አማቼ ተያየን። ከዚያ ሁለታችንም ካፕሱል የጨበጠ እጃችንን እንደ ትናንቱ ከነጠላና ከበርኖስ ሥር ደበቅን።