የሲናሮች ደቦ

ትናንት በጠራራ ፀሐይ፣ ከማሳዬ ዳር ካለችው ብሳና ሥር ጋደም ብዬ ሕልም አየሁ። የደቦው ሰው በዚያ ሰዓት ስንዴዬን ያርም ነበር። እኔ ማሳዬን ለሰው ትቼ የምተኛ ሴት አይደለሁም፤ ፀሐዩ ነው የጣለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በክረምቱ መግቢያ የግብርና ባለሙያው ተሻገር መጣና «እማማ አትጠገብ፣ መሬቱን አምስት ጊዜ አይገልብጡት። አንዴ ብቻ ይታረስና ገለባው እላዩ ላይ ይቅር፤ አፈሩም አይታጠብም፣ እርጥበቱም አይሄድም» አለኝ። ይኼ ደስ አለኝ። በሬውም ይረፍ፣ እኔም ልረፍ። ቀጠለና «ግን ደጋግሞ ካልታረሰ ሣር መሰሉ አረም ይበረታል። ከመዝራትዎ በፊት የበቀለውን ያጥፉት። ስንዴ በስንዴ ላይ አይዝሩ፤ ዘንድሮ ባቄላ ያድርጉት» ሲለኝ ግን «ባቄላውን ራስህ ዝራ፤ እኔ አረም የሚለይ ዓይን አለኝ» ብዬ ሸኘሁት።

ሲናርና ሙጃ የሚባለው አረም ስንዴዬን ሊውጠው ሲል ደቦ ጠራሁ። የዓመት ጉርሴ ያለው እዚያ ማሳ ላይ ነዋ! ሲናር ሳያሸት ቁርጥ ስንዴን ነው የሚመስለው። መለያው አንድ ነው፤ የስንዴ ቅጠል ከሥሩ ሁለት ትንንሽ ጆሮ አለው፣ በነሱ አገዳውን እቅፍ ያደርጋል። ሲናር ማንንም አያቅፍም። አንድ ጭብጥ ነቀልኩና ከፍ አድርጌ «ይኼን የመሰለ ሁሉ ይነቀል!» አልኩ። ጭብጡን እንደያዝኩ ተኛሁ።

በሕልሜ ማሳው መሀል ቆሜአለሁ፤ እስከ ጉልበቴ ተተክያለሁ። ሲናሮቹ ወገባቸውን ታጥቀው ደቦ ወጥተዋል፤ እየዘፈኑ ሰው ያርማሉ። የቀበሌውን ሊቀመንበር ጎትተው ነቀሉት፣ አፈሩን ከእግሩ አራገፉና ወደ ድንበሩ ወረወሩት። ተሻገርን ከቄሱ ጋር ጠምደው ሲያርሱ ደግሞ አየሁ። በሬዬ ቦራ ብሳናዋ ሥር እግሩን አጣምሮ ጠላ ይጠጣል።

«ቦራ፣ አስጥለኝ እንጂ!»

«እማማ፣ ዘንድሮ እረፍ ብለውኝ የለ? አርፌያለሁ» አለና ጽዋውን ደገመ።

ወዲያው ማሳው ቢሮ ሆነ። አንድ ወፍራም ሙጃ መነጽር አድርጎ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። እኔ አሁንም እንደተተከልኩ ነኝ።

«ይቺ እህል ናት ወይስ አረም?» ሲል ጠየቀ።

«ምስክር ይሰማ» አለ አንድ ሽማግሌ ሲናር።

ባቄላ ነጠላዋን አስተካክላ ገባች። «በዚህች ሴት ማሳ ላይ አንድ ቀን እንኳ እግሬን አሳርፌ አላውቅም። ደጇ በቆምኩ ቁጥር ስንዴ፣ ስንዴ፣ ስንዴ!» ብላ አለቀሰች።

«በአንቺ ልቅሶ ወጥ አይሠራም!» አልኳት።

ሙጃው ጠረጴዛውን መታ። «አንድ ነገር ብቻ ነው የምናጣራው። ይቺ ሴት ያቀፈችው ሰው ካለ ይቅረብ!»

ማንም አልቀረበም። አንዲት ፍየል ብቻ አሳለች።

«እንግዲህ እቅፍ የላትም። አረም ናት፤ ትነቀል።»

«እኔን ነው አረም የምትሉ? እናንተ የመንገድ ዳር ቡቃያዎች! እናንተ የአህያ ቁርስ!»

«ምላሷ ዘር እያራገፈ ነው! ቶሎ በሉ፣ ሳትበትነው!» ብሎ ጮኸ ሽማግሌው።

ለአሥር ሆነው ሹሩባዬን ጨብጠው ሳቡኝ። ቀኝ እግሬ ከነአፈሩ ተመንግሎ ወጣ። ግራው ሊወጣ ሲል አጠገቤ ያገኘሁትን አገዳ በሁለት እጄ ጥምጥም አድርጌ አቀፍኩ።

ነቃሁ።

ጭብጡን ደረቴ ላይ ለጥፌ ይዤዋለሁ። አየሁት፤ ጭጋግ ነው። ዓይኔ ከሁለት ዓመት ወዲህ እንዲህ ነው፣ ለማንም አልተናገርኩም። በጣቴ ዳሰስኩት። ከቅጠሉ ሥር ሁለት ትንንሽ ጆሮ። አገዳውን እቅፍ አድርጎታል።

«ሽባባው!» ብዬ ጮኽኩ።

ደቦውን የሚመራው ጎረቤቴ ሽባባው ላቡን እየጠረገ መጣ። «እማማ፣ ጨረስን እኮ። እንዳሉት አንድም አላስቀረንም።»

ወደ ማሳው ተጠጋሁ። ስንዴዬ በየድንበሩ ተከምሯል። ሲናሩ ተመችቶት ብቻውን ይወዛወዛል።

«አንተ! ስንዴ መሆኑን አላየህም?»

«አየሁ እንጂ። ሁላችንም አይተናል።»

«ታዲያ አፍ የለህም?»

«አፍስ አለኝ። አምና ማጭድዎ ደንዟል ብልዎ ግን እስከ ፋሲካ ነው የሰደቡኝ።»

ሳልሳደብ ስቀር ደቦው በሙሉ ቀጥ ብሎ አየኝ፤ አንዷ ሴትዮማ አማተበች። እኔም ጭብጡን ጣልኩና ሁለት እጄን ዘርግቼ ሽባባውን ላቅፈው ሄድኩ።

«ኧረ ገላግሉኝ፣ ሊያንቁኝ ነው!» ብሎ ድንበሩን ዘለለ።

ደቦው ሁሉ ተከትሎት ሮጠ። እኔና ሲናሩ ቀረን።