የባሎቴ ጉድጓድ እና የእኔ ምላስ

ዩኒቨርሲቲ የተሠራው በራሳቸው ማወቅ ላቃታቸው ሰዎች ነው! እኔ ስኳር በተጠቀለለበት ጋዜጣ ማንበብ ተምሬ፣ ሰፈራችን ሰቻ ውስጥ የታሪክ ጥያቄ ያለበት ሁሉ በሩን የሚያንኳኳለት ሰው ሆንኩ። እርግጥ ብዙውን ታሪክ የማውቀው እስከ ግማሹ ነው፤ ቀሪው ወረቀት ለሌላ ሰው ስኳር ተጠቅልሎበት ሄዷል። ይህን ግን ማንም አልጠየቀኝም፤ እናንተም አትጠይቁኝ።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ እህል ደባቂ በሚታደንበት ወቅት ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ ካድሬ ከቀበሌያችን ሊቀመንበር ጋር ጓሮ ለጓሮ ሲዞር፣ ጎረቤቴ ወይዘሮ ባሎቴ ዘንድ አዲስ የተቆፈረ አፈር አየ። ኦቾሎ መንደር ያሉ ዘመዶቿ የላኩላትን ቆጮ፣ የአምስት ልጆቿን የክረምት ቀለብ፣ በእንሰት ቅጠል ሸፍና ቀብራዋለች።

«ምንድን ነው የቀበርሽው?»

«ምግብ ነው ጌታዬ።»

«ጌታ የለም፣ ጓድ በይ! ደግሞ ምግብ ይቀበራል?»

«እንዲቦካ...» ብላ ሳትጨርስ ሊቀመንበሩ «ጋሼ ይጠሩ፣ ታሪኩን ያውቃሉ» አለ።

መጣሁ። ካድሬው «ሰው እዚህ አገር ምግብ መቅበር ለምን ጀመረ?» አለኝ። መቼም አላውቅም አልል!

«ጓድ፣ ጥንታዊ ጥበብ ነው! አባቶቻችን የመንግሥት ሰው መጥቶ እንዳይበላባቸው ይደብቁት ነበር!»



ካድሬው ደብተሩን አወጣ። «ከመንግሥት መደበቅ... በአንደበታችሁ አመናችሁ። ይወረስ! ሴትየዋም ትታሰር!»

ባሎቴ ዞር ብላ አየችኝ። «ምነው ጋሼ! እኔ ቆጮ ስቀብር እርስዎ ምላስዎን ቢቀብሩት ምን ነበረበት?»

ካድሬ የጻፈውን እንደማይሰርዝ አውቃለሁ። አፍንጫው ግን ደብተር አይዝም! «ጓድ፣ የሚወረስ ንብረት በቅርብ መመርመር አለበት» አልኩት። እሱም ካርታ እንደሚያይ ጄኔራል ጎንበስ አለ። ባሎቴ ቅጠሉን ገለጠችው።

የቦካ ቆጮ ለለመደው የምግብ ፍላጎት ይከፍታል፤ ላልለመደው ደግሞ በር ያስከፍታል። ካድሬው በመሐረብ አፍንጫውን ይዞ እስከ አጥሩ አፈገፈገ።

«ይሄ በስብሷል!»

«አልበሰበሰም ጓድ፣ ቦክቷል» አለች ባሎቴ። «ከተወረሰ ግን መኪናው ላይ ልጫነው?»

«ኋላ ቦታ የለም» አለ ሊቀመንበሩ፣ እሱም ቆጮ በልቶ ያደገ ነው፤ «ከፊት ከእርስዎ ጋር ይሁን።»

«ክደኚው! ክደኚው ብያለሁ!» እያለ ካድሬው ደብተሩ ላይ «ብስባሽ፣ ለውርስ የማይበቃ» ብሎ ጻፈ፤ የሚወረስ ከሌለ የሚታሰርም የለም ብሎ ሴትየዋን ትቷት ሄደ።

እንግዲህ ሥራዬን ቁጠሩልኝ። የአምስት ልጆች ቀለብ አተረፍኩ። አንዲት እናት ከእስር አዳንኩ፤ ሊያሳስራት የነበረው ማን እንደሆነ ሌላ ጉዳይ ነው። የሰፈራችንን ቆጮ በመንግሥት ደብተር «ብስባሽ» አስብዬ ከፍተሻ ነፃ አወጣሁት። በዚያ ላይ፣ ከዚያ ወዲህ የመንግሥት መኪና በመጣ ቁጥር ባሎቴ ቀድማ ወጥታ «ጋሼን አሟቸዋል፣ መናገር አይችሉም!» ትል ጀመር። ለጤናዬ እንዲህ የምትጨነቅ ጎረቤት ማፍራትም ቀላል ሥራ አይደለም!